ጥቁር ለብሼ ዝዋይ የሄድኩ ዕለት

ባለፈው ሐሙስ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተር እያረምኩ ሳለ፣ ዘንድሮ የተቀጠረችው የሒሳብ መምህርት ቃልኪዳን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ግራና ቀኟን ካየች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ፍሬ፣ ቅዳሜ ብቻዬን የሆነ ቦታ ልሄድ ነው። ማለቴ፣ በቃ፣ ራሴን የማዳምጥበት ቦታ። ትንሽ የውስጥ ሰላም ያስፈልገኛል። አንቺ እንደዚህ አድርገሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ምን ለብሰሽ ነው የምትሄጂው?" አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። "ምን እለብሳለሁ? ጂንስና ሹራብ ነዋ።"

"ቀለሙ?"

"ጥቁር። ምነው?"

ቀዩን እስክርቢቶ አስቀምጬ ሳቅኩ። እሷም ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች። ወዲያው ደወሉ ተደወለና ሁለታችንም ጠመኔያችንን ይዘን ወጣን፤ ምክንያቱን ሳልነግራት ቀረሁ። ነገሩ በእረፍት ሰዓት ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። እዚህ ግን ቦታም ጊዜም ስላለኝ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቂርቆስ ውስጥ ካለ አንድ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና አምስተኛ ወሬ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ደግሞ አብልጬ የምወደው ማስረዳት ነው። የዕለት እቅዴን በማስመሪያ አስምሬ እጽፋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ደቂቃ እመድባለሁ፤ ሳስረዳም ቀኝ እጄን ወደ ላይ አንስቼ "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ" እያልኩ በጣቶቼ እቆጥራለሁ። እንደማደርገው እንኳ አላውቅም ነበር። ያሳወቀኝ የሰባተኛ ቢው ናትናኤል ነው።

አንድ ረቡዕ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ሳቅ ተነሣ። ዞር ስል ናትናኤል ከመጨረሻው ዴስክ ላይ ቆሞ እጁን አንስቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ በእኔው ድምፅ "አንደኛ፣ ምሳ ልንበላ ነው። ሁለተኛ፣ ርቦናል። ሦስተኛ፣ እንዳልኳችሁ ርቦናል" ይላል። ስልሳ አንድ ልጅ ሳቀ። ዛሬ ሳስበው ጥሩ አድርጎ ነው የቀዳኝ። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ጉሮሮዬ ተዘጋ። ድምፅ የሚባል ነገር አልወጣም። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከክፍሉ ወጣሁ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ቆሜም ደወሉን ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ሰባተኛ ቢ በር ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ማስታወሻ ሰሌዳው ላይ እጽፍና "ገልብጡ" እላቸዋለሁ። እሷም አንዲት ቃል ከሆድ ተገፍታ ነበር የምትወጣው። በሌሎቹ ክፍሎች አልተነካሁም፤ ነገር ግን ፍርሃቱ ቀስ እያለ ወደ ስድስተኛ ኤ ጭምር መሻገር ጀመረ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ርዕሰ መምህሩ አንብበው አጣጥፈው መለሱልኝና፣ "ሰኞ አምጪው። ሰኞም ሐሳብሽን ካልለወጥሽ እቀበልሻለሁ" አሉኝ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

የዚያኑ ቀን ማታ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር እግሯን አጣጥፋ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች፤ ንፋሱ ጸጉሯን ያወዛውዘዋል፤ አጠገቧ ዝር የሚል ሰው የለም። መድኃኒቱ ይኼ ነው አልኩ። የሚያስፈልገኝ ዝምታ ነው። ስልሳ አንድ ልጅ ያደረሰብኝን ጫጫታ የሚያወጣልኝ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ነው።

ችግሩ በእኛ ቤት ብቻውን የተጓዘ ሰው አለመኖሩ ነው። ጉዞ ማለት ለእኛ መስከረም ላይ ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር መውረድ ነው፤ ለአሥር ሰው በተሠራ መኪና አሥራ አራት ሆነን፣ ጭናችን ላይ ልጅ፣ እግራችን ሥር ቅቤና ዕቃ ይዘን። እናቴ ካዛንቺስ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበራት። ብቻዬን ዝዋይ ልሄድ ነው ብላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ "እዚያ ማን አለሽ?" ሁለተኛው "ማን ሞተ?" እንደሚሆን አውቅ ነበር። ስለዚህ የመምህራን ሥልጠና አለብኝ ብዬ ዋሸኋት።

እቅዱን ዓርብ ማታ አዘጋጀሁ። ዓምዶቹ ሰዓት፣ ተግባርና ግብ ይላሉ። አራት ሰዓት ዝዋይ መድረስ። ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ሐይቁ ዳር በዝምታ መቀመጥ። ከስድስት እስከ ሰባት ለመቆየትና ለመልቀቅ ያሉትን ምክንያቶች በሁለት ረድፍ መጻፍ። ሰባት ሰዓት ውሳኔ። ሳይ ሳየው ራሱ እቅዱ አረጋጋኝ።

አሁን የቀረውን ታሪክ ለመረዳት የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አለባበሴን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁር ረጅም ቀሚስ ለበስኩ፤ እድፍ አይታይበትም ብዬ ነው። ጸጉሬን ዓርብ ዕለት ፈትቼው ነበር፤ ጥር ስለሆነ ሹሩባ ቤቱ በሚዜ ተሞልቶ ተራ አጣሁና እንደተፈታ ቀረ። አቧራ እንዳይገባበት በእናቴ ጥቁር ሻሽ ጠመጠምኩት። መናኸሪያ ላይ ሌባ ይበዛል ስለተባልኩ የጆሮና የአንገት ወርቄን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ተውኩ። ዓይኔ ደግሞ እንቅልፍ ካጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት አብጦ ነበር። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ምክንያት ነበረው። አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ ግን መስታወት ፊት ቆሜም አልታየኝም። ካዛንቺስ ውስጥ ጥቁር መልበስ ፋሽን ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ከስታዲየም ታክሲ ይዤ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስኩ። "ዝዋይ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" የሚባለው ሚኒባስ ስገባበት ስድስት ወንበር ባዶ ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሴት ሁለት ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ይዘው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ዝዋይ ነዋሪ ናቸው፤ ሽንኩርት አዲስ አበባ አራግፈው እየተመለሱ ነበር። ይህን ሁሉ ቃሊቲን ሳንወጣ ነገሩኝ። ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ፣ ወዴት ነሽ?"

"ዝዋይ።"

"ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ብቻሽን ነሽ?"

"አዎ፣ ብቻዬን።"

ጆሮዬን፣ አንገቴን፣ ሻሼን በየተራ አዩ። ድምፃቸው ተለወጠ። "እናትሽ ሰምታለች?"

ስለ ጉዞዬ የጠየቁኝ መሰለኝ። "አልሰማችም። ማታ ስመለስ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

"ብቻሽን እንዳትነግሪያት። ሰው ይዘሽ ግቢ።"

ምክሩ ጥሩ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ስትቆጣ ሰው መኖሩ አይከፋም። "እሺ" አልኩ።

ዱከም ስንደርስ ሾፌሩ የሠርግ ዘፈን ከፍቶ መሪውን እየደበደበ ነበር። እትዬ ዘነበች ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ትከሻውን ነኩት። "አንተ ሾፌር፣ እባክህ ዝጋው። ሐዘንተኛ ይዘናል።"

ዘፈኑ ወዲያው ጠፋ። ሐዘንተኛዋን ለማየት እኔም እንደ ሌላው ሰው ዞር ዞር አልኩ። ከኋላችን የተቀመጡት ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ፣ በኋላ ስማቸው ጋሽ ታደሰ መሆኑን ያወቅሁት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙና ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ላስረዳ። ትልቅ ሰው እግዚአብሔር ብሎ ከጀመረ "አሜን" ማለት ሐሳብ አይጠይቅም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን የለመደው ነው፤ ጆሯችን ምን እንደተባለ የሚያጣራው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔም ጆሮ አጣራና ነገሩ ገባኝ። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። "የለም፣ ተሳስታችኋል" ልል አፌን ከፈትኩ። አሥራ ሁለት ሰው ይጠብቀኛል። ጉሮሮዬ ተዘጋ። ልክ እንደ ሰባተኛ ቢ፣ ያው ራሱ መዘጋት፣ ያችው ቦታ ላይ። በቃሉ ፈንታ የወጣው እንባ ነበር። ሦስት ሳምንት ያቆየሁት እንባ ሁሉ ዱከምና ቢሾፍቱ መካከል ወጣ።

እትዬ ዘነበች በሰፊ መዳፋቸው ጀርባዬን እያሹ፣ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሉኛል። ባለቀስኩ ቁጥር ውሸቱ ይጠነክራል፤ ውሸቱ በጠነከረ ቁጥር የባሰ አለቅሳለሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ደግነት በደግነት ነበር። ሞጆ ላይ አንድ ሰው ዳቦ ቆርሶ አቀበለኝ። የቆቃ ውሃ በስተግራ ብልጭ ሲል ሁሉም ዝም ብለው ስላዩት እኔም ዝም ብዬ አየሁት። መቂ ላይ የመንገዱ ዳርና ዳር በቲማቲም ሣጥን ቀልቷል፤ ጋሽ ታደሰ ወርደው ፓፓያ ገዙና ሰንጥቀው ፍሬውን በቢላዋ ጠርገው ሰጡኝ። ፓፓያው ሞቃትና ጣፋጭ ነበር፤ ምራቄን ሳይሆን ነውሬን እየዋጥኩ በላሁት። ሾፌሩ እንኳ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ ይል ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ቀስ ብሎ የሄደ ሚኒባስ ተሳፍሬ አላውቅም።

ዝዋይ ስንወርድ አራት ሰዓት ከአሥር ነበር። ከእቅዴ አሥር ደቂቃ ብቻ ዘግይቻለሁ። ቢያንስ አሁን እንለያያለን ብዬ፣ "ሐይቁ በየት በኩል ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ዕቃቸውን ሲያወርዱ የነበሩት ሁሉ እጃቸው ባለበት ቆመ።

"ሐይቁ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

"ትንሽ ብቻዬን ልቀመጥ ብዬ ነው።"

እሳቸውና ጋሽ ታደሰ ተያዩ። "እኔ ምንም አልቸኩልም" አሉ ጋሽ ታደሰ። "እኔም አልቸኩልም" አሉ እትዬ ዘነበች፤ የእጄን አንጓም ያዙ። ከአያያዛቸው ጥብቀት ምን እንደፈሩ ተረዳሁ። ጥቁር የለበሰች ልጅ፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ብቻዋን ወደ ውሃ። እኔም ባያት እጇን እይዝ ነበር። ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ገባን፤ እኔ መሃል።

ሐይቁ ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት አልነበረም። ውሃው ሰማያዊ ሳይሆን ወተት እንደገባበት ሻይ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ ከጀልባ ላይ የሚጣልላቸውን የዓሣ አንጀት ለመንጠቅ ብቻ ይነቃሉ። ዳር ላይ ሴቶች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይልጣሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ በትልቅ መጥበሻ ይጠብሳሉ። ሽታው፣ ጩኸቱ፣ የዘይቱ ቸስታ ሁሉ አንድ ላይ ነው። እትዬ ዘነበች ከጠባሾቹ ወደ አንዷ ሄደው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሉ። ትንሽ ሳይቆይ አግዳሚ ወንበር ወጣ፤ ሌላ ተጨመረ፤ ዓሣ አጥማጆች እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ መጥተው ተቀመጡ። ለቅሶ ተቀምጠውልኝ ነበር።

ጆሮዋ ላይ የተነገራት ሴት ወርቄ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከፊት ለፊቴ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

"እኔም ባሌን ያጣሁት እዚሁ ውሃ ላይ ነው" አለችኝ። "ሦስት ዓመቱ ነው። ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ ባዶዋን ተመለሰች። መጀመሪያ ሰው ሲመጣብኝ እሸሽ ነበር። ብቻዬን ልሁን እል ነበር። እነዚህ ግን እንቢ አሉኝ። የአንቺስ ማን ነው? ስሙን ጥሪልንና ነፍሱን ይማረው እንበል።"

ሁሉም ስም ይጠብቃል። ከኋላ ያሉት "ይማረው" ለማለት ተዘጋጅተዋል።

ሁለት መንገድ ብቻ ነበረኝ። አንድ ስም ፈጥሬ መጥራት፣ ወይም እውነቱን መናገር። በሕይወት ያለን ሰው ስም ብጠራ ነውር ነው፤ የሌለ ሰው ስም ብጠራ ደግሞ ወርቄ ለእሱም ታለቅስለታለች። የእሷ ሐዘን እውነት ነው፤ የእኔን ውሸት አጠገቡ ላስቀምጥ አልችልም። ጉሮሮዬ መዘጋት ጀምሯል። ተቀምጬ ከቀረሁ መቼም እንደማይከፈት ስለገባኝ ተነሣሁ።

"የሞተብኝ ሰው የለም" አልኩ።

አንዱ መጥበሻ ውስጥ ዘይቱ ይቸሰቸሳል።

"ይቅርታ አድርጉልኝ። ከመጀመሪያው ላስረዳ።" እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። "አንደኛ፣ ጥቁር የለበስኩት እድፍ አይታይበትም ብዬ ነው። ሁለተኛ፣ ጸጉሬን የፈታሁት ሹሩባ ቤት ተራ ስላጣሁ ነው። ሦስተኛ፣ የጆሮና የአንገቴን ወርቅ ያወለቅሁት ሌባ ፈርቼ ነው።"

"አራተኛስ?" አሉ ጋሽ ታደሰ። ባርኔጣቸውን አሁንም ደረታቸው ላይ ይዘዋል፤ ቀልዳቸውን አልነበረም።

"አራተኛ፣ እርስዎ ያጥናሽ ሲሉኝ አሜን ያልኩት ስለለመደብኝ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ወርቄ ናት። ጉልበቴን ለቅቃ አፏን በክንዷ ሸፈነች፤ አልሆነላትም፤ ከበርጩማዋ ልትወድቅ ደረሰች። ከዚያ ዓሣ አጥማጆቹ፣ ከዚያ ጠባሾቹ። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ሰው ፊቴ ላይ ሳቀ። አንዱ ለዘገየው ጓደኛው በጣቱ እየቆጠረ ይደግምለታል፤ "አንደኛ፣ እድፍ አይታይበትም ብላ።"

ያልሳቁት እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ። "እኔ እኮ እስከ ሞጆ ድረስ ስጸልይልሽ ነበር" አሉ።

"ይቅርታ፣ እትዬ።"

"ጸሎቱስ ይሁን፤ እሱ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጠዋል። የሾፌሩን ዘፈን ግን በከንቱ ዘጋሁበት።" ከንፈራቸው ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። "ታዲያ ካልሞተብሽ ያ ሁሉ እንባ የምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። ስለ ሰባተኛ ቢ፣ ስለ ናትናኤል፣ ስለ ጉሮሮዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ደብዳቤ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ሲያቋርጡኝ መለስኩላቸው፤ ሲጠይቁኝ አስረዳሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ "ልጁ እንዴት አድርጎ እንደቀዳሽ ማየት አለብኝ" አለ፤ ናትናኤልን ቀድቼ አሳየሁት። ማለትም ናትናኤል ሆኜ ራሴን ቀዳሁ። እንደገና ሳቁ።

"ቆይ" አሉ እትዬ ዘነበች። "ልጆቹ ሲስቁብሽ ምን አደረግሽ?"

"ወጣሁ።"

"እኛስ ስንስቅብሽ ለምን አልሄድሽም?"

"ወዴት እሄዳለሁ? ከኋላዬ ሐይቅ ነው።"

በዚህኛው እሳቸውም ሳቁ፤ ሰፊው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ስታወሪ ግን አንድም ጊዜ አልተዘጋብሽም" አሉኝ።

እጄን ጉሮሮዬ ላይ አደረግኩ። እውነታቸውን ነበር። መቼ እንደተከፈተ አላወቅሁም። ምናልባት "ሁለተኛ" ላይ፣ ምናልባት "አራተኛ" ላይ። ሳቁ ሲጀምር ይዘጋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሳቁ መጣ፣ በላዬ ላይ አለፈ፣ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እናገር ነበር።

"በይ፣ አሁን ሂጂና ብቻሽን ተቀመጪ" አለች ወርቄ። "የመጣሽበትን አታጪ። ማንም አይነካሽም።"

ውሃው ጫፍ ላይ ከተገለበጠች አሮጌ ጀልባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ከደሴቶቹ በኩል ይመጣል፤ ደንገሉ ይንሾካሾካል። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላዬ ዓሣ ይጠበሳል፤ አሁንም በእኔ ይስቃሉ፤ ጋሽ ታደሰ ታሪኩን ገና ለመጣ ሰው ከቃሊቲ ጀምረው ይነግሩታል፣ ሁለት ቦታም ይሳሳታሉ። ያን ሁሉ እየሰማሁ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወደ ቦታው ወረደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለግሁት ነገር ይኼ እንደሆነ አወቅሁ፤ ሰዎች በጀርባዬ እየሳቁ፣ እኔ ውሃ እያየሁ፣ ምንም ሳልሆን። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩና ራበኝ። ጋሽ ታደሰንም ላርማቸው ስለፈለግሁ ተነሣሁ።

ሁለት ቆሮሶ በላሁ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ የተጠበሰ፣ አጥንቱ ጠርዝ ላይ ኩርሽም የሚል፣ ከቃሪያ ዳጣ ጋር። እስከ ዛሬ ዓሣ ስበላ ከዚያኛው ጋር አወዳድራለሁ፤ እስካሁን ያሸነፈው የለም።

ጀንበር ሳትጠልቅ ካዛንቺስ ገባሁ። እናቴ ሱቁ በር ላይ ሆና ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ምንድን ነው ይኼ አለባበስ? ማን ሞተ?" አለች። ሥልጠናው ውሸት መሆኑን ጨምሬ ሁሉንም ነገርኳት። ለውሸቱ ተቆጣች፤ ከዚያ ታሪኩ ሚኒባሱ ላይ ሲደርስ መሳቅ ጀመረች፤ መጨረሻ ላይ "ታዲያ ዓሣ ሳታመጪ መጣሽ?" ብላ እንደገና ተቆጣች።

ሰኞ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሰባተኛ ቢ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፤ አልዋሽም። ገባሁና ማስታወሻ ሳልጽፍ፣ "የዛሬው ትምህርት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ቅዳሜ አንዱን አይቼ መጣሁ። ለቅሶ ተቀመጡልኝ" አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። "አንደኛ፣ እድፍ አይታይበትም ብዬ" ላይ ክፍሉ ፈነዳ፤ ከኋላ ናትናኤል እጁን አንስቶ እየቀዳኝ ነበር።

"ናትናኤል፣ ከዚያ አይታይም። ወደ ፊት ና" አልኩት።

ፈራ ተባ እያለ መጣ። "ቲቸር፣ ይቅርታ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ..."

"እጅህን እንዳታወርድ። ሐይቆቹን ቁጠርልን። እንደ እኔ አድርገህ።"

ልጆቹን አየ፤ እኔን አየ፤ አገጩን ቀና አደረገ። "አንደኛ፣ ዝዋይ። ሁለተኛ፣ ላንጋኖ። ሦስተኛ፣ አብያታ። አራተኛ..." አራተኛው ጣቱ ብቻውን ቀረ። ክፍሉ እየሳቀ "ሻላ" ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ሐዋሳ፣ ከዚያ አባያ፣ ከዚያ ጫሞ። ናትናኤል በጣቱ መከተል አቅቶት ሁለተኛውን እጁን አነሣ። ደወሉ ሲደወል ድምፄ ጎርንኖ ነበር፤ ከመዘጋት ሳይሆን ከመጮህ።

እረፍት ላይ ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ሲጠይቁኝ "እቀጥላለሁ" አልኳቸው። "ጥሩ፤ እንግዲያው ሰባተኛ ሲንም ጨምሪ፤ መምህር አጥተናል" አሉኝ። እንደ ሽልማት ቆጠርኩት።

ዛሬ እሑድ ነው። ቃልኪዳን ትናንት ሄዳለች፤ የት እንደሄደች አልነገረችኝም። ነገ ስንገናኝ ያገኘችውን ትነግረኛለች፤ ወይም አትነግረኝም። እኔ ከዚያ በኋላ ብቻዬን ብዙ ቦታ ሄጃለሁ፤ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ። ብቸኝነቱም ደስ ይላል፤ አልክድም። ነገር ግን ሰላም ሰው የሌለበት ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር እንደሆነ አድርጌ አላስብም። የእኔው የተገኘው በወርቄ ጥያቄና በእኔ መልስ መካከል ነው፤ ተቀምጬ ብቀር ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ዘንድሮ ሰባተኛ ቢ ስልሳ አራት ልጆች አሉ። ማክሰኞ ዕለት የአፍሪካን ካርታ ገልብጬ ሰቅዬ ኖሮ፣ ዓባይን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እያስፈሰስኩ አሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳሁ። አንዲት ልጅ አየችና ለጎረቤቷ ነገረች፤ ጎረቤቷ ለኋለኞቹ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እጄን አጣጥፌ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲጨርሱ ካርታውን አቃናሁና ቀጠልኩ።